ሳንቲሟ የተሰወረች ዕለት

ሰው ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ካርታ መበወዝ ይማራል ወይ? ብትሉኝ መልሴ «አዎን፤ ያውም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ እናቱን እንዳይቀሰቅስ ድምፅ ቀንሶ» የሚል ነው። ቁማርተኛ ግን አይደለሁም። ኮንከር እንኳ በወጉ አልችልም። አንድ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ይዤ፣ ለጠየቀኝ ሁሉ እየጻፍኩ፣ ጉለሌ ከእናቴ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ሳንቲም መሰወር እንዴት እንደተማርኩ፣ አንድ ቀን ደግሞ ሳንቲሟን አለ እንከን መሰወሬ ምን እንዳመጣብኝ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከዋሽንግተን በመጣ አንድ ፖስታ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ እኛ «ጋሼ» የምንለው፣ በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ወጥቶ አሜሪካ የገባ ሰው ነበር። እዚያም ከሃያ ዓመት በላይ በመኪና ማቆሚያ ቤት የሌሊት ተረኛ ሆኖ ሠርቷል። ለገና በመጣ መንገደኛ እጅ ለእናቴ ሹራብና የደም ግፊት መለኪያ፣ ለእኔ ደግሞ ስድስት ዲቪዲና የኬኔዲ ምስል ያለባትን አንዲት የግማሽ ዶላር ሳንቲም ላከ። ግራ ገብቶኝ ስልክ ብደውልለት ሳቀ። «ሌሊት ሌሊት መኪና አይመጣም፤ እንቅልፍ ግን ይመጣል። እኔ እንቅልፌን ያባረርኩት በእነዚህ ነው። አሁን ጡረታ ልወጣ ስለሆነ አንተ ውረሳቸው» አለኝ።

ዲቪዲዎቹ ላይ ያለው ፊልም አይደለም፣ ትምህርት ነው። ፈረንጆቹ ዘንድ የታወቁ የምትሃት ባለሙያዎች ከከተማ ከተማ እየዞሩ፣ በየማኅበራቸው ለተሰበሰቡ የሙያ ወንድሞቻቸው ትምህርት የሚሰጡበት የቆየ ልማድ አለ። ቪዲዮ በየቤቱ ከገባ ወዲህ ይኸው ትምህርት እየተቀረጸ ይሸጥ ጀመር። አስተማሪው መጀመሪያ ሥራውን ያሳያል። ቀጥሎ ምስጢሩን ይገልጣል። በመጨረሻ እጁን ወደ ካሜራው አስጠግቶ፣ ጣት በጣት እያስረዳ፣ ቀስ ብሎ ይደግመዋል።

የሚያስተምሩትም መድረክ ላይ ሴት በመጋዝ የሚቆረጥበትን፣ ጢስ የሚጨስበትን ዓይነት አይደለም። በቅርብ የሚታየውን ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሃምሳ ሁለት ካርታ፣ ጥቂት ሳንቲም፣ ሁለት እጅ፤ ከዚያ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ትክ ብሎ የሚያያችሁ ሰው፤ በቃ ይኸው ነው። መሸሸጊያ መጋረጃ የለም።

ለሦስት ወር ያህል ዲቪዲዎቹ አቧራ ጠጡ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር ግን ነገር ተለወጠ። የምጽፍላቸው ሰዎች ሥራ አቆሙ፣ እናቴ የደም ብዛት ሕመምተኛ ስለሆነች ቤት ዘግተን ተቀመጥን። ያረጀው ላፕቶፔ ዲቪዲ ማጫወቻ ነበረውና አንድ ማታ ከፈትኩት።

ከሁሉ ቀድሞ የማረከኝ ዳይ ቨርነን የሚባል ሽማግሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ካናዳ ውስጥ ኦታዋ ተወልዶ በ1992 ያረፈ ሰው ነው። ትምህርቱ የተቀረጸው በ1980ዎቹ፣ ዕድሜው ወደ ዘጠና ሲጠጋ ነው። ፀጉሩ ነጭ ሆኖ፣ ወጣት ባለሙያዎች ከብበውት ተቀምጦ፣ እንደ አያት ያወጋል። በወጣትነቱ፣ በ1922 ቺካጎ ውስጥ፣ ያንን ስመ ጥሩውን ሁዲኒን ያታለለ እሱ ነው። ሁዲኒ አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ካየሁ የሚያታልለኝ የለም ብሎ ይፎክር ነበር። ቨርነን ሁዲኒ የፈረመባትን ካርታ ከላይኛዋ ቀጥሎ ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ካርታዋ ተመልሳ ከላይ ትገኛለች። ደግሞ ያስገባል፣ ደግሞ ከላይ ትገኛለች። ሁዲኒ አስደጋገመው፤ ሊደርስበት ግን አልቻለም።

ታዲያ ይህ ሰው የሚያስተምረው ፍጥነትን መስሎኝ ነበር። አይደለም። ምክሩ ሁሉ ተፈጥሯዊ ሁን የሚል ነው። ሳንቲም የደበቀ እጅ ምንም ያልያዘ እጅ መምሰል አለበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት መደበቅ ሳይሆን ራስን መታዘብ ነው። ሳንቲም ከቀኝ ወደ ግራ እጄ ሳዛውር መዳፌን ምን ያህል እከፍታለሁ? ክርኔ ይንቀሳቀሳል ወይ? አምስት ጣቴን ይዤ ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድም ቀን እንዳላየኋቸው የገባኝ ያኔ ነው።

እኔ የያዝኩት ከሁሉ ቀላሉን፣ በልቤ «የውሸት ርክክብ» ያልኩትን ነበር። ሳንቲሟን ለግራ እጅ የሰጡ መስሎ በቀኝ ማስቀረት፤ ከዚያ ግራውን መክፈት፤ ባዶ! በወሬ ቀላል ነው። የጋሼ ግማሽ ዶላር ከእኛዋ የአንድ ብር ሳንቲም ሰፋ ትላለች፤ ስፋቷ ከ30 ሚሊ ሜትር ጥቂት ያልፋል። ባለሙያዎቹ የሚወዷትም ለዚሁ ነው፤ ጠርዟ ስለተቆራረጠ መዳፍ ውስጥ አጥብቃ ትያዛለች። የእኔ መዳፍ ግን አልያዝ አለ። ስትወድቅ እንዳትጮኽ አልጋ ላይ ሆኜ ተለማመድኩ። አስተማሪው ፊት ለፊት ስለሚታየኝ የእሱን ቀኝ የእኔ ግራ እያደረግሁ አንድ ሳምንት ሙሉ በተገላቢጦሽ ተምሬ፣ ሁሉን እንደገና ጀመርኩት። መብራት ሲጠፋ በሻማ ቀጠልኩ።

ከዲቪዲዎቹ በአንዱ ላይ ሬኔ ላቫንድ የሚባል አርጀንቲናዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 የተወለደ፣ በ2015 ያረፈ ሰው ነው። በዘጠኝ ዓመቱ መኪና አደጋ ደርሶበት ቀኝ እጁን አጥቷል። የካርታ መጻሕፍት ሁሉ የተጻፉት ሁለት እጅ ላለው ሰው ነውና፣ እሱ በአንድ ግራ እጁ የሚሠራውን ሁሉ ራሱ ፈጥሮ ራሱን አስተማረ። ደግሞ አይቸኩልም። ሥራውን በደገመ ቁጥር እየዘገየ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ከዚህ የበለጠ መዝገም አይቻልም እስኪባል ድረስ። ያም ሆኖ አይያዝም። እኔ ሁለት እጅ እያለኝ ስማረር እሱን አይቼ አፍሬያለሁ።

የተቀረጸ አስተማሪ በጎ ጠባይ አለው። መቶ ጊዜ ብታስደግሙት አይሰለችም፣ አይቆጣም፣ «አንተ ደደብ» አይልም። ነገር ግን አያያችሁም። ሲሳሳቱ ዝም ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለዚህ መድኃኒቱ መስታወት ነው ይላሉ። እኔም ከቁም ሣጥኑ መስታወት ፊት ቆሜ ብሞክር ጉድ በሚያሰኝ ሁኔታ ተዋጣልኝ፤ ሳንቲሟ በገዛ ዓይኔ ፊት ጠፋች! በኋላ እንደተረዳሁት ጀማሪ ሁሉ በምስጢሩ ቅጽበት ሳያውቀው ዓይኑን ይጨፍናል። ሰው ራሱን ሲያታልል ማየት አይፈልግም ማለት ነው። ስለዚህ መስታወትም አላዋጣ አለ። የሚያይ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለችው ደግሞ እናቴ ብቻ ናት።

እናቴ ነገሩን አልወደደችውም። እኛ አገር ቃሉ ራሱ ያስፈራል። «አስማት» በግዕዝ ስሞች ማለት ነው፤ «ስም» ሲበዛ «አስማት» ይሆናል። ስውር ስም ጠርቶ መንፈስን ማዘዝ ይቻላል ከሚለው እምነት ጋር ተያይዞ ነው ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም የያዘው። «ምትሃት» ቢባል ይሻላል፤ የሌለውን እንዳለ፣ ያለውን እንደሌለ አድርጎ ማሳየት ነውና። ይህንን ሁሉ ባስረዳትም «እንግዲህ ደብተራ ልትሆንልኝ ነው?» አለችኝ። «እማዬ፣ የእጅ ሥራ እኮ ነው፤ እንደ ሹራብ ሥራ ቁጠሪው» አልኳት። «ሹራብ ይለበሳል» አለች።

የሆነው ሆኖ አንድ ቀን አቦሉን ጠጥተን ስንጨርስ ሳንቲሟን አወጣሁ። ከቀኝ ወደ ግራ አዛወርኩ መስዬ ቀኜን ዝቅ ሳደርግ ከመዳፌ አምልጣ ረከቦቱ ላይ ወደቀችና አንድ ሲኒ ሰበረች። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ሳቋን ሳትጨርስ «ሲኒውን ትተካለህ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡና በተፈላ ቁጥር «እስቲ ዛሬስ?» ትለኝ ጀመር። ተማሪና ተመልካች ሆንን።

ወራት ሲያልፉ እጄ ተገራ። ሳንቲሟ አትወድቅም፣ ጣቴ አይንቀጠቀጥም። የሰፈር ልጆችን፣ ወተት የምታመጣልንን ሴት፣ የቀበሌ ሠራተኛውን ሳይቀር አታለልኳቸው። እናቴን ግን አንድም ቀን አልቻልኩም። ግራ እጄን ሳልከፍት ገና፣ በአገጯ ወደ ቀኜ እየጠቆመች «እዚያኛው እጅህ ነው» ትላለች። ከቀኝ ወደ ግራ ለወጥኩ፤ አወቀች። በሁለት ሳንቲም ሞከርኩ፤ አወቀች። ቢጨንቀኝ «የትኛው ጣቴ ነው የሚያጋልጠኝ?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እጅህን መች አይቼው አውቃለሁ?» አለችኝ። «ፊትህን ነው እንጂ። ልትደብቃት ስትል ትስቃለህ።»

ክው አልኩ። ሁዋን ታማሪዝ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ማድሪድ የተወለደ ታላቅ የስፔን ባለሙያ አለ። ስለዚሁ ጉዳይ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ምትሃተኛው የሚናገርባቸውን አምስት ነገሮች ዘርዝሯል፤ ዓይን፣ ድምፅ፣ እጅ፣ እግርና ሰውነት። ተማሪ ሁሉ በእጁ ብቻ ይጨነቃል፤ ምስጢር የሚያወጣው ግን ዓይኑ ነው። እናቴ ታማሪዝን አታውቀውም። ግን አምስት ልጅ አሳድጋለች።

ለጋሼ ይህንን ብነግረው ስልኩ እስኪያስተጋባ ሳቀ። «እሷን ነው የምታታልል? እኔ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስኳር ሰርቄ አፌን ጠርጌ ስገባ በሳቄ ነበር የምትይዘኝ» አለኝ። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደገችው ታላቅ እኅቱ፣ የእኔ እናት ናት። እሱ «እታለም» ይላታል፣ እሷ «ወንድምዓለም» ትለዋለች። ዘወትር ሐሙስና እሑድ ይደውላል። ሁለት ሦስት ጊዜም በስልክ ቪዲዮ ሥራዬን ላሳየው ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን ኔትወርኩ ልክ በምስጢሩ ሰዓት ይደርቅና ሲመለስ ሳንቲሟ ጠፍታ ትገኛለች። «በጣም ጎበዝ ሆነሃል!» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ይችላል። ማታለልን በዚህ ሁሉ ድካም መማር ምን ይባላል? እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ሦስት ካርታ እያገላበጡ «ቀይዋን ያየ» የሚሉ ሰዎች ለደብተርና ለጫማ የተሰጠኝን ብር ጨርሰው በልተውኛል። የእነሱ እጅና የቨርነን እጅ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው። ልዩነቱ የት ላይ ነው?

ልዩነቱ ስምምነቱ ላይ ነው ባይ ነኝ። ምትሃተኛው «ላታልልህ ነው» ብሎ ይጀምራል፣ እኔም «እስቲ ሞክር» ብዬ እቀመጣለሁ፣ ሲጨርስ ሳንቲሜን ይመልስልኛል። ስምምነቱ ሲቀር ያው እጅ ሌላ ሥራ ይሠራል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን ሮበር ሁዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 የተወለደ ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ ነበር። ራሱ እንደተረከው፣ ስለሰዓት ሥራ የሚያስተምር መጽሐፍ ልግዛ ቢል ባለሱቁ ተሳስቶ የምትሃት መጽሐፍ ጠቅልሎ ሰጠው፤ ሙያውን የጀመረው በዚያ ስሕተት ነው። እሱም እንደ እኔ የማያየው አስተማሪ ነበረው ማለት ነው። ፓሪስ ውስጥ ቲያትር ከፍቶ ከሚያሳያቸው ነገሮች አንዱ አንዴ ሕፃን የሚያነሣው፣ አንዴ ደግሞ ጎልማሳ የሚያቅተው ትንሽ ሣጥን ነበር። የሣጥኑ ግርጌ ብረት ነው፤ ከወለሉ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። ፓሪስ ላይ ይህ ጨዋታ ነበር። በ1856 ግን የፈረንሳይ መንግሥት አልጄሪያ ላከው፤ ሕዝቡ የሚያከብራቸውን የሃይማኖት ሰዎች ኃይል በፈረንሳይ ምትሃት እንዲያሳንስ። ያው ሣጥን፣ ያው ማግኔት የቅኝ ግዛት መሣሪያ ሆነ። ሣጥኑን ማንሣት አቅቶት የታገለው አልጄሪያዊ ጨዋታ መሆኑን ተስማምቶ አልገባበትም።

ይህንን በንግግር ሳውቀው ቆየሁ። በኑሮ የገባኝ በ2014 ዓ.ም. ነው።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት ስልኬ ጮኸ። የጋሼ ልጅ ናት። አባቷ ልቡን ይዞት ሆስፒታል እንደደረሰ አርፏል። ግቢ ወጥቼ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ አፌን ይዤ አለቀስኩ።

ወጋችሁንና ወጋችንን ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በማታ አይነገርም፣ ለብቻ አይነገርም። ወንድሜ ከሐዋሳ፣ እኅቴ ከድሬዳዋ እስኪገቡ፣ የንስሐ አባቷና የዕድር ሽማግሎች እስኪነገራቸው፣ የደም ብዛቷን የሚያይ ሐኪም እስኪዘጋጅ ተባለና ቀኑ ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሆነ። እስከዚያ እንዳትሰማ። ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ያለሁት እኔ ነኝ። እኅቴ በስልክ ስታለቅስ ቆይታ በመጨረሻ «አንተ መቼም ማታለል ተምረሃል» አለችኝ። ክፋት አስባ አይደለም። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሦስት ቀን የተማርኩትን ሁሉ አዋልኩት። ስልኳን ከአውሮፕላን ምልክቱ ላይ አድርጌ «ኔትወርክ ተበላሽቷል» አልኩ። የሰማች ጎረቤት ፊቷን አጥቁራ ወደ በሩ ስትመጣ እናቴን «እማዬ፣ ጓሮ ጎመኑን ዶሮ እየጫረው ነው» ብዬ ወደ ኋላ መለስኳት። ተመልካች ወዴት እንዲያይ እንደሚደረግ ቨርነንም ታማሪዝም አስተምረውኛል፤ አንተ ራስህ ወደዚያ ተመልከት፣ እሱ ይከተልሃል። እኔ ወደ ጎመኑ ተመለከትኩ፣ እሷ ተከተለችኝ። ሐሙስ ማታ «ወንድምዓለም ዛሬ አልደወለም» ስትል ድምፄን አለዝቤ «ኔትወርኩ ነው እኮ» አልኳት። ድምፄ አልተሰበረም። በራሴ ገረመኝ፤ ቀጥሎም ፈራሁት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቡና አፈላች። ቄጤማ ጎዘጎዘች፣ ዕጣን አጨሰች። ቶናው ላይ ስንደርስ «እስቲ ያቺን የወንድምዓለምን ሳንቲም አምጣትና ሰውርልኝ፤ ከሰነበትን» አለችኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ምን ብዬ? ሳንቲሟን አመጣሁ። መሐላችን ያለው ረከቦት ብቻ ነው። እጄ ከብዶኝ ነበርና እንደዚያ አርጀንቲናዊ በጣም ቀስ ብዬ ነው የሠራሁት። ሳንቲሟን አሳየኋት፣ በግራ እጄ የተቀበልኩ መሰልኩ፣ ግራ እጄን በዓይኔ ተከተልኩ፣ ጨበጥኩ፣ ከፈትኩ። ባዶ። ቀኝ እጄ ጉልበቴ ላይ እንደተኛ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም። ቢቀረጽ ኖሮ ለማስተማሪያ ይሆን ነበር።

እናቴ በአገጯ አልጠቆመችም። «እዚያኛው ነው» አላለችም። ፊቴን ብቻ ጥቂት አየችኝ። ከዚያ «ጎበዝ» ብላ ጀበናውን አነሣችና በረካውን ቀዳች። እጇ አልተንቀጠቀጠም። በልቤ «በመጨረሻ አታለልኳት» አልኩ፤ እዚያው ደግሞ ቡናው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ያን ሁሉ ጊዜ ስመኘው የነበረ ነገር ሲሆን እንደዚያ መረረኝ።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ወንድሜ፣ እኅቴ፣ ቄሱና ሽማግሎቹ በበሩ በቀስታ ገቡ። እንቀሰቅሳታለን ብለን ነበር። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቀናለች። ቄሱ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ «ወንድሜን ነው አይደል?» አለች። ማንም መልስ አልሰጠም። ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቁት ነው።

አርባው ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማታ ሁለታችን ብቻ ስንሆን ጠየቅኋት። ማን ነገራት?

«አንተ ነህ» አለችኝ። «ያን ቀን ሳትስቅ ሰወርካት።»

ዝም አልኩ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳትስቅ ሰውረሃት አታውቅም። የሳቅህን ምክንያት ምን ወሰደው ብዬ አሰብኩ። ስልኬም ተበላሸ፣ ጎረቤቴም ደጄ ደርሳ ተመለሰች። የቀረኝ ሩቅ ያለ ሰው እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ እማዬ?»

«እናንተ የምታለቅሱበትን ቀን ቆርጣችሁ፣ ሰው ጠርታችሁ፣ ተጨንቃችሁ ነበር። ምን ብዬ ላበላሽባችሁ? ሌሊቱን ድምፄን ቀንሼ አለቀስኩለት። እንዳልቀሰቅስህ።»

እኔም እኮ በዚያች ሌሊት አልተኛሁም። ግድግዳው አንድ ነው። እሷ ወዲያ ማዶ፣ እኔ ወዲህ ማዶ፣ አንዱን ሰው እያለቀስን፣ አንዳችን ሌላውን እያታለልን አደርን። የተሻለውን የሠራችው እሷ ናት። እኔ አንዲት ሳንቲም ነው የደበቅኩት። እሷ ግን የወንድሟን ሞት ይዛ በረካ ቀድታልኛለች፤ አንዲት ጠብታም አላፈሰሰችም።

«ክፉ አደረግህ አልልህም» አለችኝ ቆይታ። «ወጉ ነው፤ እኔም ለሌላው እንዲሁ አድርጌያለሁ። ግን ከእንግዲህ አንተ የምታውቀውን እኔ ሳላውቅ ቡና አታጠጣኝ። ሞትም ቢሆን ተቀምጠን አብረን እንወቀው።»

ስለመርዶ ወግ ፍርድ ለመስጠት አይደለም ይህንን የምጽፈው። ሰው ድንገት ደንግጦ እንዳይወድቅ፣ ብቻውን እንዳያለቅስ ተብሎ የተሠራ ወግ ነው፤ ብልኅነት አለበት። እኛ ቤት ግን ብቻዋን እንዳታለቅስ ብለን የያዝነው ነገር ብቻዋን አስለቀሳት። ሣጥኑ ያው ሣጥን ነው፣ ማግኔቱም ያው ነው፤ የተስማማ ሰው ግን አልነበረም።

ጋሼ የላካቸው ዲቪዲዎች አሁንም አሉኝ። አንዱ ተጭሮ ላቫንድ መሐል ላይ ይደርቃል። ቨርነን እንደዚያው ነጭ ፀጉሩን ይዞ ያወጋል፤ እኔ የምባል ተማሪ እንዳለው ሳያውቅ አልፏል። ብዙ አስተምሮኛል፣ አመሰግነዋለሁ። ሊያስተምረኝ ያልቻለውን ግን ከረከቦቱ ማዶ ያለችው ናት ያስተማረችኝ፤ የምታይ እሷ ናትና። ልጅ በነበርኩ ጊዜ ስታየኝ እንደምትደክም አላውቅም ነበር። አሁን ዓይኗ ትንሽ ደክሟል፤ ሞራ ጀምሮታል ብለዋል ሐኪሞቹ። እጄን ከቶም አታየውም። ፊቴን ግን ታያለች።

ፊቴን የመግራት ትምህርቱን ትቼዋለሁ። ዛሬም ቡና ሲፈላ ሳንቲሟን አወጣለሁ፣ ልሰውራት ስል ሳቄ ይመጣል፣ አልይዘውም። እናቴ በአገጯ እየጠቆመች «እዚያኛው እጅህ ነው» ትለኛለች።

እከፍተዋለሁ። አለች።